የቆዳ እጅጌ ያለው ሳጥን

ስሟን ብንጠራ ተወላጆቿ ቅር ይላቸዋልና ሳንጠራት እንለፋት፤ በአንዲት የጥንት የንግድ ከተማ ሸኽ ጦይብ የሚባሉ እንጨት ጠራቢ ሽማግሌ ነበሩ። የቂርአት ትምህርታቸው የጠለቀ፣ ንግግራቸው ያጠረ፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ ሰው ናቸው። አንድ እጁ ለማይታዘዝለት ጎረቤታቸው፣ በእግር ሲረግጡት ጎንበስ ብሎ የሶላት መታጠቢያ ውሃ የሚያፈስ የውዱእ ማሰሮ ማቆሚያ ሠሩለት። ጉልበታቸው ለደከመ አሮጊቶች ሲዘረጋ መቀመጫ የሚሆን ምርኩዝ አበጁ። ከተማዋ አዲስ ነገር ስታይ መጀመሪያ «ቢድዓ ነው፣ ያልነበረ ነገር ነው» ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ግን ልትዋስ ትመጣለች። ሸኹ ሁለቱንም በፈገግታ ይቀበሉ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ያነጋገረው ግን በመስጊዱ በር ግድግዳ ላይ ያቆሙት የሶደቃ፣ የምጽዋት ሳጥን ነው። ቀድሞ በየጁምዓው ችግረኛ በስሙ እየተጠራ፣ በሰው ፊት እህል ይሰፈርለት ነበር። ስሜ ከሚጠራ ብሎ ጦሙን የሚያድረው ብዙ ነበር። ሸኹ ይህን አይተው አፉ በቆዳ እጅጌ የተሸፈነ ጥልቅ ሳጥን ሠሩ። የሚሰጥ ሰው ቋጠሮውን በልብሱ እጅጌ ይዞ ክንዱን ያስገባል፤ ውስጥ ባለው ተዳፋት ጣውላ ላይ ሲያኖረው ቋጠሮው ተንሸራቶ ታች ይወርዳል። የሚወስደውም እንዲሁ ክንዱን አስገብቶ፣ ከታች አንሥቶ፣ በእጅጌው ይዞ ይሄዳል። ከውጭ የቆመ ሰው ሰጪውን ከወሳጁ መለየት አይችልም።

ይህ ነገር ሐጂ ሙዘይን የሚባለውን የጨርቅ ነጋዴ እንቅልፍ ነሣው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሳጥኑ ውስጥ የሱን ያህል ቴምርና እህል የሚጨምርም የለም። ብቻ እንቁላል ሲገዛ ዶሮዋን ካላየሁ የሚል ዓይነት ሰው ነው። ሳጥኑ ማልዶ ይሞላል፤ ሲጨልም ባዶ ነው። «ይህን ሁሉ ማን ነው የሚበላው?» እያለ ሲብሰለሰል ዓይኑ ሸምሱ በሚባል ተሸካሚ ላይ አረፈ። ሸምሱ በቅርቡ የመጣ፣ ሠርቶ መብላት የሚችል ጉልበተኛ ነው፤ ሰላምታ አያበዛም፤ በሳጥኑ አጠገብም ደጋግሞ ያልፋል። ዝምተኛ ሰው ለተጠራጣሪ ግማሽ ሌባ ነው።

ሐጂ ወደ ሸኹ መሥሪያ ቤት ሄደ።

«ሸኾቹ፣ ሳጥኑ ላይ መስኮት ያውጡለት።»

«ለምን?»

«የሚወስደውን እንድናየው ነዋ!»

ሸኹ መላጊያቸውን አስቀመጡ። «ሐጂ፣ መስኮት ያላወጣሁለት እኮ ረስቼ አይደለም።»

መልሱ ጥርጣሬውን አባሰበት። የመስጊዱን ጀማዓ ሰብስቦ አስማማ፤ ሳጥኑን ሌባ እየበላው መሆኑ ከተረጋገጠ ሳጥኑ ይነሣል፤ ችግረኛው እንደ ድሮው በስም ይጠራል፤ ሌባውም ከተማውን ይለቃል። ሸኹ «አላህ ያውቃል» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሐሙስ ዕለት ሐጂ ሙዘይን ከሱቁ ሰማያዊ የጨርቅ ማቅለሚያ አመጣ። የሰጪ እጅ ከጣውላው እንደማያልፍ፣ ታች የሚደርሰው የወሳጅ እጅ ብቻ እንደሆነ ያውቃል። ማቅለሚያውን በረጅም እንጨት ጫፍ እያደረገ የሳጥኑን ወለል ቀባው። ቢፈትጉት ቶሎ የማይለቅ ቀለም ነው። ሸምሱ በሰው ፊት ሲሸማቀቅ ከወዲሁ ታየው፤ እውነቱን እንናገርና፣ ደስም አለው።

በማግሥቱ የጁምዓ ሶላት እንዳበቃ ሐጂ ተነሣ። «ያ ጀማዓ! የሳጥኑን ወለል ቀለም ቀብቼዋለሁ። እጃችሁን አሳዩ!» ብሎ በቀጥታ ወደ ሸምሱ ሄደ። ሸምሱ መዳፎቹን ዘረጋ። ገመድ የላጣቸው ሻካራ መዳፎች ናቸው፤ ሰማያዊ የሚባል ግን የለባቸውም። ሐጂ አገላብጦ፣ ጥፍሩን ሳይቀር መረመረው። ከኋላ ረድፍ አንዳንዱ እጁን ጋቢው ውስጥ ሸሽጎ አንገቱን ደፍቷል።

ይህን ጊዜ ሸኽ ጦይብ ከፊተኛው ሶፍ ተነሥተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሁለት እጃቸው እስከ አንጓው ሰማያዊ ነው።

«ሸኾቹ! እርስዎ?» አለ ሐጂ።

«አዎ፣ ወስጃለሁ። ትናንት ጾመኛ ነበርኩ፤ ከሳጥኑ ቴምር አንሥቼ አፈጠርኩበት። የወሰደ ሁሉ ሌባ ከሆነ እነሆኝ፤ አስወጡኝ።»

አንድ አዛውንት «ሸኹ የበሉበት ሳጥን አይነሣም» አሉ፤ የሌላውን እጅ ለማየት የደፈረ አልነበረም። ጀማዓው ተበተነ።

ሐጂ ግን እየተብከነከነ ወጣ። «ለካ መስኮት ያልፈለጉት ለዚህ ኖሯል!» ይላል በልቡ። ሁልጊዜ ጁምዓ እንደሚያደርገው ታላቅ እህቱን ዙበይዳን ሊዘይር ገባ። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ስፌት እየሰፋች የምታሳድግ ሴት ናት። አስቀመጠችውና ውሃ አቀረበችለት፤ በግራ እጇ።

«ምነው ዙበይዳ፣ በግራ ትሰጪኛለሽ?»

ቀኝ እጇ በሻሿ ተጠቅልሏል።

«ምን ደብቀሻል? አሳዪኝ!»

ፈታችው። ጣቶቿ ሰማያዊ ናቸው።

ሐጂ ሙዘይን እጇን ያዘ። «እኔ እያለሁልሽ?» አለ።

«አንተን አንድ ቁና ማሽላ ስለምንህ፣ ‹ያለፈው የት ደረሰ?› ትለኛለህ፣ ሙዘይኔ። ሳጥኑ አይጠይቀኝም።»

ሐጂ እህቱ እግር ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ እሷም አብራው አለቀሰች። ከዚያ ወደ ሸኹ በረረ። በሰማያዊ እጃቸው ጣውላ ሲልጉ አገኛቸው።

«አፉ በሉኝ ሸኾቹ! ቀለሙን እንዴት አወቁት?»

«ለማፍጠሪያ ጥቂት ሲቀር ቆዳውን ቅባት ልቀባው ሄጄ፣ ጠርዙ ሰማያዊ ሆኖ አየሁት። የተነከረ እጅ ቀድሞኝ ሄዷል። ያንን እጅ ላጥበው አልችልም፤ ልመስለው ግን እችላለሁ አልኩ።»

«እጁ የማን እንደነበር ያውቃሉ? የ—»

ሸኹ ሰማያዊ መዳፋቸውን አፉ ላይ ጫኑበት። «አትንገረኝ! ሳጥኑን የሠራሁት እኔም እንዳላውቅ ነው።»

«እንግዲህ ምን ላድርግ?»

«ሐጂ፣ የሰጡትን በዓይን አይከተሉትም።»

ሐጂ ሙዘይን ከዚያ ወዲህ ለእህቱ ማሽላ ሲልክ አንድም ቃል አልጠየቀም ይባላል። እንቁላል ሲገዛ ግን ዶሮዋን ካላየሁ ማለቱን አልተወም፤ ሰው በአንድ ጀንበር አይቃናም።

ወገኖቼ፣ የወንድሙን ነውር የሸፈነ አላህ ነውሩን እንደሚሸፍንለት ሁላችንም ሰምተናል። ሸኹ ይህንን ቃል በጣውላና በቆዳ ሠሩት። የእኛ ዘመን ብልሃት የሚበዛው ለመቆለፍና ለማጋለጥ ነው። ዘይትና ዱቄት ይዘን ከችግረኛ ጎን ፎቶ እንነሣለን፤ እሱ ፊቱን ሲያዞር «ወደዚህ ተመልከት» እንለዋለን። ያ ፎቶ ከሐጂ ማቅለሚያ በምን ይሻላል? ማቅለሚያው እንኳ ውሎ አድሮ ይለቃል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የዙበይዳ መልስ ነው። በገዛ ቤታችን «ለምን? የት ደረሰ?» ያልነው፣ አንገቱን ደፍቶ የማይጠይቅ ሳጥን ፍለጋ የወጣ ዘመድ አለን ይሆን? ካለ ዛሬውኑ እንሂድለት፤ ስንሰጠውም ዓይናችንን ሰበር እናድርግ። አላህ የእኛንም እጅ በዚያ በፍርድ ቀን በሰው ፊት ከመዘርጋት ይሸፍንልን።