«ጸልዩላት» ብላ የላከችው ሊንክ

አንዲት ሴት ነበረች፤ የቤተ ክርስቲያን የጸሎት ኅብረት የምትመራ። ስሟን አልነግራችሁም፤ ስም ማዳረስ ነው ያጠፋን። ክፉ ሴት አልነበረችም። የታመመ ስትጠይቅ፣ ያዘነ ስታጽናና የምትውል ናት። ይህን ያዙልኝ።

አንድ ቀን ከማታውቀው ሰው ሊንክ ደረሳት። ከፈተችው። ያየችው የገዛ አጥቢያዋን ልጅ ነው፤ ከመዘምራን ጋር የምታገለግል ወጣት። ትርሲት እንበላት፤ እውነተኛ ስሟ ለራሷ ይቆይላት። እጮኛዋ የነበረው ሰው ቀለበቱን ብትመልስለት ተናዶ፣ አምናው ለእሱ ብቻ የላከችለትን የራቁት ምስሏን ለዓለም አውጥቶት ነበር።

ሴትየዋ አለቀሰች። እንባዋ የእውነት ነበር። ከዚያስ ምን አደረገች? ወደ ጸሎት ግሩፑ ገብታ «ወገኖች፣ እህታችን ትርሲትን ጠላት ወግቷታል፤ በእንባ ጸልዩላት» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ሊንኩን አስቀመጠች።

ጸለዩ? የጸለየ አይጠፋም። ግን ከፈቱት። ከፍተውም «ጸልዩላት» እያሉ ለየዘመዳቸው ላኩት። ወገኖቼ፣ ከተማው ሁሉ ጸሎተኛ ሆኖ ዋለ።

በዚያ ግሩፕ ውስጥ ጋሽ ጳውሎስም ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ የትርሲት አባት። «ልጄ ምን ሆነችብኝ» ብለው ደንግጠው ከፈቱት።

ምስሉን ያወጣው የቀድሞ እጮኛዋ ተከሰሰ። ሴትየዋም ተከሰሰች።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ አላነሳሁም፣ አልለጠፍኩም። ያለበትን ነው ያሳየሁት» አለች።

«ያለ ፈቃዷ የወጣ መሆኑን ያውቁ ነበር?» አሏት ዳኛዋ።

«ዐውቄያለሁ። ግን ለጸሎት ብዬ ነው።»

«ለመጸለይ ሊንኩ ምን ያደርግላቸዋል?»

ፍርድ ቤቱም እያወቁ መንገድ ማሳየት የጥፋቱ ተካፋይ ያደርጋል ብሎ ጥፋተኛ አላት፤ ቅጣቱን በገደብ አደረገላት።

ከችሎት ወጥታ ወደ ትርሲት ቤት ሄደች። ጋሽ ጳውሎስ በር ላይ ተቀበሏት።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። «ግን ልጄ እኔ ስገባ ትወጣለች። አንድ ቤት እየኖርን ድምፅዋን ከግድግዳ ወዲያ ነው የምሰማው። ያቺን ልጄን ከየት አምጥተሽ ትመልሽልኛለሽ?»

ወገኖቼ፣ ሰውየው የሰቀለውን ፍርድ ቤቱ አስወረደው። ከዚያ አባት ዓይን ግን ማን ያውርደው?

እናንተስ? «እኔ አልሠራሁትም፤ የተላከልኝን ነው የላክሁት» ያላችሁ ስንት ናችሁ? እጅ አውጡ አልልም። ሌባና የሌባ ተቀባይ ሲባል ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስለናል። ሳይሰርቅ፣ ሳይቀበል፣ የተሰረቀው ያለበትን ለመንደር የሚያሳየውስ ምን ይባላል? ይህን ስናገር አዝናለሁ፤ ጸሎትን የወሬ መሸፈኛ አድርገነዋል። ልባችን ስለተነካ ብቻ እጃችን የሚሠራው ሁሉ ደግ ይመስለናል።

ነገ እንዲህ ያለው ሊንክ ወደ እናንተም ይመጣል። እዚያ ውስጥ ያለችው የሰው ልጅ ናት፤ አባት አላት። አትክፈቱት፤ ለማንም አትላኩት። ለሕግ አመልክቱና እናንተ ጋ ይቁም። ከዚያ ጸልዩላት።

ለመሆኑ፣ ስንጸልይ ዓይናችንን የምንጨፍነው ለምን ይመስላችኋል?

እስቲ ለትርሲት እንጨፍን።