ፈታኙ ሳይመጣ የፈታው

ላውራችሁ? አውሪን! ጆሯችሁ የት አለ? ከዚህ! ልባችሁስ? እሱም ከዚህ! እንግዲያው ዝም ብላችሁ ስሙኝ፤ መሃል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ትቼው እነሳለሁ።

ድሮ ድሮ፣ ወፉም ሣሩም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ከአንድ ወንዝ ዳር ትልቅ ሾላ ነበር። በሾላው ላይ የሸማኔ ወፎች ተማሪ ቤት ነበር። ሸማኔ ወፍ ታውቃላችሁ አይደል? ያ ሣር ጎንጉኖ ጎጆውን ከቅርንጫፍ የሚያንጠለጥለው፤ እሱ ነው። መምህሩ የኔታ ክንፌ የሚባሉ ሽማግሌ ወፍ ነበሩ፤ ፈታኙም እሳቸው። ተማሪ ሁሉ እስከ ሦስት ጊዜ ይፈተናል። ያለፈ ከወንዙ በላይ የራሱ ቅርንጫፍ ይሰጠዋል፣ ባለሙያ ይባላል፣ ከየአገሩ እየተጠራ ጎጆ ይሠራል። ሦስቴ የወደቀ ግን ከሾላው ይወርዳል፤ ዕድሜ ልኩን ከየአውድማው ሲለቅም ኖሮ በሰው ጣሪያ ሥር ይወሸቃል።

ከተማሪዎቹ አንዱ ቀጮ ይባል ነበር። በገባ በመጀመሪያው ቀን የቋጠረው ቋጠሮ ሙልጭ ብሎ ሲወጣ ጓደኞቹ በሳቅ ፍርፍር አሉ። እመት ቁራ ደግሞ ከላይ ሆና፣ “ወይ ጉድ! ይቺ ምንቃርስ ለለቀማ እንጂ ለሽመና አልተፈጠረችም” አለች። ሌላ ቢሆን በሦስተኛው ቀን ይረሳዋል። ቀጮ ግን ይዞት አደረ፣ ይዞት ከረመ።

የመጀመሪያው ፈተና ደረሰ። ቀጮ ረጅም ሰንበሌጥ መረጠ፤ ጎነጎነ፣ ቋጠረ፣ አንጠለጠለ። ጎጆ ሆነ። ግን የየኔታን የክንፍ ድምፅ ሲሰማ ልቡ ድንግጥ አለ። “ወፉ ሁሉ እያየ የኔታ ነቅንቀው ከሚያፈርሱብኝ እኔው ልፍታው” አለና ፈታው። የኔታ ሲደርሱ ያገኙት የሣር ክምር ነው።

“ጎጆህስ?”

“አልሆነልኝም የኔታ።”

የኔታ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ሁለተኛው ፈተና ደረሰ። ያንኑ ሰንበሌጥ አነሳ፤ ጎነጎነ፣ ቋጠረ፣ አንጠለጠለ። ከፊተኛው የተሻለ ጎጆ ሆነ። የክንፍ ድምፅ ሲሰማ ግን ያው ድንጋጤ መጣበት፤ መፍታት ጀመረ።

“ኧረ ቀጮ!” አለ ሰንበሌጡ፣ “ምን አጠፋሁ?”

“አንተ ምን ታጠፋለህ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልችልም።”

“ታዲያ ማነው አሁን ጎጆ ያደረገኝ?”

ቀጮ ግን የኔታ ሳይደርሱ ፈታው። እመት ቁራም ጠጋ ብላ፣ “እኔ እኮ ለአንተው አዝኜ ነው የነገርኩህ። ና፣ ለቀማው ይሻልሃል፤ እዚያ ማንም አይፈትንህም” አለችው። ቀጮ በዚያ ቀን ሊሄድ ክንፉን ዘርግቶ ነበር፤ ግን ሽመናውን ይወደው ነበርና እንባ እንባ አለው፣ ቀረ።

ሦስተኛው ፈተና ደረሰ። ክረምቱ ደጅ ላይ ነው፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ቀጮ ጎነጎነ፣ ቋጠረ፣ አንጠለጠለ። ያማረ ጎጆ ሆነ። ምን ዋጋ አለው! የክንፍ ድምፅ ሲሰማ ያንንም ፈታው። የኔታ መጡ፤ ክምሩን አዩ፤ በጣም አዘኑ።

“እንግዲህ ልጄ፣ ሦስተኛህ ነው። ከሾላው...”

“ፈታኝ!” ብሎ ጮኸ ሰንበሌጡ።

የኔታ ዘወር አሉ። “ፈታኝ? ፈታኙ እኔ ነኝ። ምን ፈለግህ?”

“ፈታኝ እኮ ነው የምልዎ!”

“አዎ፣ አቤት! ፈታኙ እኔ ነኝ አልኩህ! አሁን መድረሴ ነው፣ ምን አድርጌህ ነው የምትጮህብኝ?”

“ኧረ እርስዎን አይደለም! ይኼ ልጅ ፈታኝ! ጎጆ ሆኜ ሳለሁ ፈታኝ! ሦስቴ ሠራኝ፣ ሦስቴ ፈታኝ! እጥፋቴን ይዩት እስቲ!”

ሾላው በሳቅ ተናወጠ። የኔታ ግን አልሳቁም። ሣሩን አንስተው አገላበጡት፤ እያንዳንዱ እጥፋት በልክ በልኩ ነው። ከዚያ ቀጮን ትክ ብለው አዩት።

“ስማ፣ በዚህ ዛፍ ላይ ፈታኙ ማነው?”

“እርስዎ ነዎት፣ የኔታ።”

“ታዲያ የእኔን ሥራ ማን ሰጠህ? እኔ እስካሁን አንድም ቀን አልፈተንኩህም። ያልተፈተነ ደግሞ አይወድቅም። ዝናቡ ሳይደርስ ጎንጉን፤ እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።”

ቀጮ ጀመረ። እመት ቁራ ከላይ ትስቃለች፣ ነጎድጓዱ ይጮሃል፣ የኔታ አፍጥጠው ያያሉ። አንዴ ቋጠሮው አመለጠው። ሊተወው ሲል “ያዘኝ እንጂ!” አለው ሰንበሌጡ። ያዘው፤ ድጋሚ ቋጠረው። ሣሩ ሦስቴ የታጠፈ ነውና እሺ እያለው፣ ጎጆው ካፊያው ሳይጀምር አለቀ።

የኔታ ተንጠልጥለው አንዴ ነቀነቁት፣ ያዘ። ሁለቴ ነቀነቁት፣ ያዘ። በሦስተኛው አንድ ቋጠሮ ፍትት አለ። ቀጮ አለቀልኝ ብሎ ጎጆውን ሊያፈርስ ዘለለ።

“ክንፍህን ሰብስብ!” አሉ የኔታ። “ቋጠሮዋን አጥብቃት። በሩም ጠቧል፣ አስፋው። በተረፈ አልፈሃል።”

“አልፈሃል? ተፈታ እኮ፣ የኔታ!”

“አንድ ቋጠሮ ነው የተፈታው። እኔ በተፈተንኩ ቀን አራት ነው የተፈታብኝ።”

ቀጮ ሳቀም አለቀሰም። ዝናቡም ወረደ። እመት ቁራ ረጥባ፣ ላባዋ ተጣብቆ መጣች። “ቀጮዬ፣ ትንሽ ጥግ አትሰጠኝም?”

“በሩ ጠቧል ተብያለሁ፤ ሳሰፋው ብቅ በይ” አላት።

ከዚያ ወዲያ ቀጮ የታወቀ ባለሙያ ሆነ፤ ከወንዝ ማዶ እንኳ ይጠሩት ጀመር። ቋጠሮ አንዳንዴ ይፈታበታል፤ ሲፈታበት ያችኑ ብቻ መልሶ ይቋጥራል።

ተረቴን እዚህ ላይ አሰርኩት። እናንተ ነገ ኮሌጅ የምትገቡ፣ ከነገ ወዲያ ሥራ የምትፈልጉ፣ ይኼን ያዙልኝ፦ መውደቅ ካለባችሁም ፈታኙ ይጣላችሁ፤ ሥራው ነው። እናንተው ራሳችሁን ቀድማችሁ አትጣሉ።