ሃያኛው ጥጥ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ሕመማቸውን ይዘው ወደ አንድ ዋሻ በሚሄዱበት ዘመን፣ በገደል ሥር የቀዶ ጥገና ቤት ነበረ። የቤቱ አለቃ እመት ጉሬዛ ነበረች። ፈጣሪ ነጭ ካባዋን ከልደቷ ጀምሮ ስላለበሳት ሌላ ጋዋን አያስፈልጋትም። ጣቷ ረጅም፣ ንግግሯ ጥቂት ነው። በጃርት እሾህ እየወጋች በጅማት ክር የሰፋችው ታማሚ ሁሉ አገሩ ሲመለስ ጠባሳውን ለጎረቤት ለማሳየት ይቸኩል ነበር። የዋሻው ቤት ሲባል የማይኮራ አውሬ በዚያ አገር አልነበረም።

እዚያ ቤት አንድ ልማድ ነበረ። ክረምት በወጣ ቁጥር ሠራተኛው ሁሉ ቦታ ይለዋወጣል። ዘንድሮ አጥንት ክፍል የሠራ ለከርሞ ሆድ ክፍል ይገባል፤ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ ውኃ መቅዳትና ማፍላት፣ ከዚያ እንደገና አጥንት። አህያ በዚህ ልማድ አሥራ ሁለት ክረምት አሳልፋለች። እጅ ስለሌላት አትሰፋም። ግን ዕቃውን በከንፈሯ ይዛ ታቀብላለች፤ የተሰበረ እግር ሲመጣ በጉልበቶቿ መካከል ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች፤ እመት ጉሬዛ ገና እጇን ሳትዘረጋ ቀጥሎ ምን እንደምትፈልግ ታውቃለች። ማለዳ ወደ ሥራ ስትገባ ጆሮዎቿ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሜዳ ላይ ስሟ መሰዳደቢያ ነው፤ ከዚያ የድንጋይ አልጋ አጠገብ ግን ማዕረግ ነበር።

ቀበሮም በዚያው ቤት ይሠራ ነበር። ውኃ የመቅዳት ተራው ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ሄዶ ከአንበሳ ፊት ቆመ። በሌላ አገር እያንዳንዱ ሠራተኛ በአንድ ሥራ ብቻ እንደሚሠለጥን ነገረው። ጥንቸል ሆድ ክፍል ብቻ ብትሠራ የሚወዳደራት እንደማይገኝ፣ ጃርትም አጥንት ላይ ብቻ ቢቆይ ስሙ እስከ ቆላው እንደሚሰማ አስረዳ። ይህ ውሸት አልነበረም። የቀበሮ ብልጠት እዚህ ላይ ነው፤ ነገሩን በእውነት ይጀምረዋል።

«አህያስ? እሷ እኮ ሁሉንም ትሠራለች» አለ አንበሳ።

«የሁሉም ክፍል ስለሆነች የየትኛውም አይደለችም፣ ጌታዬ። ውኃ ትቅዳ።»

አንበሳ ጥቂት አሰበና «ይሁን» አለ።

ጥንቸል ሆድ ክፍል ገባች፣ ጃርት አጥንት ክፍል። ቀበሮ ለራሱ ዓይን ክፍልን ወሰደ። ዓይኑን የታመመ በወር አንድ ቢመጣ ነው፤ ቀሪውን ቀን ቀበሮ ከዋሻው ደጅ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። እመት ጉሬዛ ብትከራከርም የአንበሳ ቃል ወጥቷል። አህያ «ፈጣሪ ያውቃል» አለችና ሁለት እንስራ በጀርባዋ ጭና ወደ ወንዝ ወረደች። ጆሮዎቿ ግን ያን ቀን አልቆሙም።

ለእውነቱ ከሆነ የጥንቸል ሥራ እጅግ አማረ። ቀን ከቀን ሆድ ብቻ ስትሰፋ ስፌቷ ከመርቀቁ የተነሣ ፀጉር ሲበቅልበት ቦታው ይጠፋ ነበር። አህያ እንኳ ውኃውን ስታወርድ ከበሩ ቆም ብላ እያየች «በርቺ ልጄ፣ እጅሽ ተባርኳል» ትላት ነበር። ጥንቸል መጀመሪያ ደስ ይላት ነበር። በኋላ በኋላ ግን ሙገሳው ልቧን አሳበጠውና፣ ውኃ ቀጂ ከበሩ ወዲህ እንዳታልፍ ብላ ተናገረቻት። አህያም አላለፈችም። ከደጅ ሆና ማየት ግን አልተወችም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጅብን በሳንቃ ተሸክመው አመጡት። ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ጅቦ የወደቀ በሬ አገኘና፣ ሌላ ሳይደርስብኝ ብሎ የቅልጥሙን አጥንት ሳያኝክ እንዳለ ዋጠው። አጥንቱ ሆዱ ውስጥ ተሰንቅሮ ሲያንፈራግጠው ከገደል አፋፍ ተንሸራቶ የኋላ እግሩን ሰበረ።

ጥንቸል ሆዱን ዳሰሰችና ይህ የእኔ ነው አለች፤ ወደ እግሩ ግን አልዞረችም። አጥንት ክፍል የሚሠራው ጃርት ከወንዙ ማዶ ሄዶ ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ አላሻግር ብሎታል። ቀበሮ ከፀሐዩ ተነሥቶ መጣና የጅብን ሽፋሽፍት በጥፍሩ ገለጥ አደረገ።

«ዓይኑ ደህና ነው» አለና ተመልሶ ተኛ።

እመት ጉሬዛ የሚደማውን እግር አየች። ሆዱን ስትከፍት እግሩን አጥብቆ የሚይዝ ከሌለ ስብራቱ ሥጋውን እየቀደደ ደሙ ፈስሶ ያልቃል። ወደ በሩ ዞረች። አህያ እንስራዋን እንደጫነች ቆማለች።

«እህቴ፣ እንስራውን አውርጂና ታጥበሽ ግቢ» አለቻት።

ቀበሮ ከደጅ ሆኖ የጌታችን ትእዛዝ አለ ብሎ አስታወሰ። እመት ጉሬዛ ለትእዛዙ እኔ መልስ እሰጣለሁ አለችው።

ጅብ በሕመም መካከል አንድ ዓይኑን ከፈተ። አህያ ስትጠጋ አየ።

«ምሳ መጣ?» አለ።

አህያ ታውቀዋለች። ባለፈው በጋ የአክስቷን ልጅ የበላው ይኸው ጅብ ነው። ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ በልቧ አጭር ጸሎት አደረገች። ከዚያ ኮቴዎቿን በፈላ ውኃ ታጥባ ገባችና እግሩን በጉልበቶቿ መካከል ያዘች።

የሚያስተኛውን የቅጠል ጭማቂ አጠጡት፤ ጅብ አንኮራፋ። ሥራው ተጀመረ። አህያ እግሩን እንደያዘች በከንፈሯ እሾሁን፣ ክሩን፣ ጥጡን ታቀብላለች። እመት ጉሬዛ አንዴም «አምጪ» አላለችም። ቀትር ሲሆን አጥንቱ ወጣ፤ አንድ ክንድ ይሆናል። የቀረው ስፌት ነው። ጥንቸል ክሯን አስገብታ ቀረበች።

እዚህ ላይ የዚያን ቤት የድሮ ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ሆድ ከመከፈቱ በፊት የገባው ሁሉ ድቡልቡሎቹን ጥጦች ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል። ሆድ ከመዘጋቱ በፊትም እንደገና ይቆጥራል፤ ምክንያቱም ደም የጠጣ ጥጥና ሥጋ አይለዩም። ቀበሮ ሥራውን ሲከፋፍል አጥንት ለዚህ፣ ሆድ ለዚያ ብሎ መደበ። ቆጠራው ግን የሁሉም ስለነበረ ለማንም ሳይመደብ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልቆጠረም። አህያ ግን ልማዷ አልለቀቃትም፤ ስትገባ በልቧ ሃያ ብላለች። አሁን ደግሞ ከሆዱ ወጥተው ገበቴው ውስጥ የተጣሉትን ቆጠረች።

«አትዝጊው» አለች።

ጥንቸል እሾሁን እንደያዘች ቀና አለች።

«አንድ ጥጥ ይጎድላል።»

«የሆድ ባለሙያዋ እኔ ነኝ። አንቺ እግሩን ያዢ፤ የእኔ ሥራ መስፋት ነው» አለች ጥንቸል።

«መቁጠርስ የማን ሥራ ነው?» አለች እመት ጉሬዛ።

በዚህ መካከል ቀበሮ አንገቱን በበሩ አስገባና ለአንድ ጥጥ ብለው ሆድ ከፍተው እንዳይቆሙ መከረ። ከዚያ ወደ አህያ ዞሮ «ተሳስተሽ ከሆነ ከነገ ጀምሮ ውኃውንም አትቀጂም፤ ለጌታችን ራሴ እነግረዋለሁ» አላት።

አህያ ይህን ሰማች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። የተኛው ደግሞ ጅብ ነው።

«ሃያ ገብቷል፣ አሥራ ዘጠኝ ወጥቷል» አለች በዝግታ።

ገበቴውን ገልብጠው አንድ በአንድ ቆጠሩ። አሥራ ዘጠኝ። ወለሉን፣ ከድንጋዩ ሥር፣ የእንስራውን ዳር አዩ። የለም። ያን ጊዜ እመት ጉሬዛ ረጃጅም ጣቶቿን ቀስ አድርጋ ወደ ሆዱ ሰደደች። ከጉበቱ በስተኋላ ብዙ ፈለገች። የጥንቸል ጆሮዎች ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። በመጨረሻ ጉሬዛ እጇን ስታወጣ በጣቶቿ መካከል አንድ ቀይ ነገር ነበረ። ከአሥራ ዘጠኙ ጎን አኖረችው።

«ሃያ» አለች አህያ።

«ሃያ» አለች ጥንቸልም። ከዚያ ሰፋች፤ በሕይወቷ እንደዚያ አሳምራ አልሰፋችም። እመት ጉሬዛም የተሰበረውን እግር አቅንታ በእንጨት አሰረችው።

ማምሻውን አንበሳ ራሱ ወደ ዋሻው መጣ፤ ወሬው ደርሶታል። ትእዛዜን ማን አፈረሰ ብሎ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለች እመት ጉሬዛ። «ጥንቸል እንደምትሰፋው እኔ እንኳ መስፋት አልችልም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አይንኩባት። ነገር ግን ዛሬ እሷ ሆዱን ስታይ፣ እኔ አጥንቱን ስፈልግ፣ እግሩንም ደሙንም ጥጡንም ያየች አንዲት ነበረች። ስለ አህያ ስናገር እኮራለሁ።»

ጥንቸል ሳትጠራ ወደፊት ወጣች። ከነገ ጀምራ በሳምንት አንድ ቀን አጥንት ክፍል ገብታ እንድትማር ለመነች፤ አህያንም በበሩ ስለከለከለቻት ይቅርታ ጠየቀች።

አንበሳም ፈረደ። ሁሉም በሠለጠነበት ይቆይ፤ ግን በየሳምንቱ አንድ ቀን የጓደኛውን ሥራ ይሥራ። ቆጠራውን የገባ ሁሉ ይቁጠር፣ ድምፁም ይሰማ። አህያ በድንጋዩ አልጋ ራስጌ ትቁም። ለቀበሮ ደግሞ ያመለጣት የውኃ ተራ ተመለሰችለት። ከዚያ አንበሳ ከበሩ ፈቀቅ አለና አህያን አስቀድሞ አሳለፋት። ጆሮዎቿ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር።

ጅብ በሦስተኛው ቀን እህል ቀመሰ። ሆዱ ውስጥ ጥጥ ሊቀር እንደነበር ሲነግሩት አዘነ። «ብትተዉልኝ ምን ነበረበት? ረኃብ ይይዝልኝ ነበር» አለ። እግሩ ድኖ ሲሰናበት ግን ከአህያ ፊት ቆሞ ዳግመኛ እንደማይበላት ማለ።

«ዘመዶቼንስ?» አለችው።

ጅብ ብዙ አሰበ። «እነሱ እኮ ቀዶ ጥገና አይችሉም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ አገር ያለች አህያ ሁሉ ጅብ ባየች ቁጥር ቀና ብላ «የዋሻው ቤት ሠራተኛ ነኝ» ትላለች አሉ፤ ጅብም ሆዱን ዳሰስ አድርጎ መንገድ ይለቅላታል።

ከዚህ የምንማረው በአንድ ሥራ መራቀቅ የሚያኮራ ቢሆንም፣ ለጓደኛችን ሥራ ዓይናችንንና እጃችንን ካልሰጠን በመካከላችን የሚወድቀውን የሚያነሣ አንድም እንደማይገኝ ነው።