እመት ጃርት እና ውሃ የምትተፋው ጀልባ

ጠጋ ጠጋ በሉ። ጆሮውን ያመጣ ይቀመጥ፤ ጆሮውን ቤቱ የረሳ ሮጦ ያምጣ። እኔ አንዴ ከጀመርኩ ለማንም አልደግምም።

በዚያ ዘመን፣ እንስሳው ሁሉ ሲከራከር፣ ዕቃውም ሁሉ መልስ ሲሰጥ፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ መካከል ዝቅ ያለች ደሴት ነበረች። በበጋ ሣሯ ይጣፍጣል፣ ነፋሷ ያስተኛል። ክረምት ሲገባ ግን ሐይቁ ይሞላና ጥርግ አድርጎ ይውጣታል። ስለዚህ በየዓመቱ ዝናቡ ሳይጠና ሽኮኮው፣ ጥንቸሉ፣ አይጡ፣ ፍልፈሉ ሁሉ ወደ ማዶ ይሻገራል።

የምታሻግራቸው እመት ጃርት ነበረች። እመት ጃርት ወፍራም ናት፣ ሳቂታ ናት፤ ስትናደድ ግን እሾኋ ቀድሟት ይናደዳል። ከደንገል የታሰረች አንዲት ታንኳ አለቻት። ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ታንኳዋ ማዶ ደርሳ ስትመለስ ትከብዳለች፣ ትንጠባጠባለች። ያን ጊዜ ጎትቶ ማውጣት፣ ዛፍ አስደግፎ ማቆም፣ እስክትደርቅ መጠበቅ ነው። የሐይቁ ዳር ኗሪ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። አባቱም እንዲህ ያደርግ ነበር፣ አያቱም እንዲህ ያደርግ ነበር።

ዘንድሮ ግን ደሴቲቱ ልጅ በልጅ ሆናለች። ሽኮኮ ወልዳለች። ጥንቸል ወልዳ ወልዳ የምታወጣው ስም አልቆባታል። እመት ጃርት ራሷ እሾኻቸው ገና ያልጠነከረ ልጆች አሏት። ደመናው ደግሞ የማዶው ተራራ ላይ ቁጭ ብሏል። እመት ጃርት ታንኳዋን አየች፣ ልጆቹን አየች፣ ደመናውን አየች። አይበቃም። በዚህች ታንኳ ከሆነ የሚቀር አለ፤ የሚቀረውም ይሰምጣል።

በዚህ መካከል አያ ከርከሮ በማዶ ዳርቻ የሚሸጥ ጀልባ አለው የሚል ወሬ መጣ። ይህች ጀልባ በመቅዘፊያ አትሄድም። ሆዷ ሥር ባለው አፏ ውሃ ትጠጣና በኋላዋ በኃይል ትተፋዋለች፤ የምትተፋው ውሃ ነው ወደ ፊት የሚወረውራት። ድሮ የሰው ነበረች። ሰውዬው ትቷት ሲሄድ አያ ከርከሮ አገኛት። አሁን ታማለች፣ አትነሳም፣ መጠገን ትፈልጋለች። ለዚህች በሽተኛ የጠየቀው ዋጋ ደግሞ የእመት ጃርትን የማዶ ጉድጓድ ነው። ከእናቷ ጋር የቆፈረችውን፣ ክረምቱን ልጆቿን ይዛ የምትተኛበትን፣ ጎርፍ የማይገባውን ጉድጓድ!

"ማየት አያስከፍልም" አለችና እመት ጃርት ታንኳዋን ገፍታ ሄደች።

"እንደምን አደርክ፣ አያ ከርከሮ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደርሽ፣ እመት ጃርት? ያቻትልሽ! እያት፣ ዙሪያት፣ ጠይቂያት።"

ጀልባዋ አሸዋው ላይ ጅራቷን ተክላ፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ ሾላ ዛፍ ተደግፋ ቆማለች።

"አንቺ ጀልባ፣ ምን ትችያለሽ?" አለቻት እመት ጃርት።

"ምን የማልችለው አለ!" አለች ጀልባዋ። "ዳክዬ ቀድሞኝ ቢነሳ ቀድሜው እደርሳለሁ። ጉልበት በማይደርስ ውሃ ላይ እሄዳለሁ። ሣር ቢኖር በላዩ አልፋለሁ። ሞገድ እንኳን እኔን ሲያይ ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚያልፈው።"

እመት ጃርት የጀልባዋን ሆድ ዳሰስ አደረገች። የደረቀ ጭቃ ቅርፍ ብሎ ወደቀ፤ ከሥሩ ስንጥቅ ብቅ አለ።

"አያ ከርከሮ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"ጭቃ ነዋ! እኔ ጭቃ እንደምወድ ታውቂያለሽ፤ እሷም ከእኔ ጋር ስትኖር ለመደች።"

እመት ጃርት ሳቋን መያዝ አቃታት። ሳቀች እንጂ አልገዛችም። ወደ ደሴቷ ተመለሰች።

እዚያ አያ ቁራ ጠበቃት። "ግዢያት! ምን ታስቢያለሽ? ቀለሟን አላየሽም? እኔ እንኳን ፊቴን አየሁባት።"

"ሆዷንስ አየኸው?"

"ሆዷን አላየሁም። በላይ ነው ያለፍኩት" አለ ቁራ።

በማግስቱ እመት ጃርት ለሁለተኛ ጊዜ ሄደች።

"አንቺ ጀልባ፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ?"

ጀልባዋ አያ ከርከሮን አየችው። አያ ከርከሮ ክራንቻውን አሳያት። "ምንም አልሆንኩም" አለች ጀልባዋ። "ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ነው።"

"ጉንፋን የያዘው ያስነጥሳል እንጂ እንዲህ ዝም አይልም" አለች እመት ጃርትና ጆሮዋን የጀልባዋ ደረት ላይ ለጠፈች። ከሩቅ፣ ከውስጥ፣ ዱር… ዱር… ይላል። ልቧ አልሞተችም። እመት ጃርት ደስ አላት፤ ደስታዋን ግን ለከርከሮ አላሳየችም። አሁንም ሳትገዛ ተመለሰች።

እዚያ አባባ ኤሊ ጠበቋት። አባባ ኤሊ የደሴቲቱ ሽማግሌ ናቸው፤ አዲስ ነገር ካዩ አንገታቸውን ይሰበስባሉ።

"ልጄ፣ ተይ" አሏት። "የማታውቂውን ዕቃ ከማታምኚው ሻጭ? ባይሆን በታንኳሽ ዛሬውኑ ጀምሪ። ግማሹ ቢተርፍ ትልቅ ነገር ነው።"

የእመት ጃርት እሾኽ ተነሳ። "እሺ፣ አባባ። እንግዲያ የሚተርፈውን ግማሽ እርስዎ ይጥሩልኝ።"

አባባ ኤሊ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። የሽኮኮን ልጆች አዩ፣ የጥንቸልን ልጆች አዩ፣ የጃርትን ልጆች አዩ። አንገታቸውን መለሱና ቅርፊታቸው ውስጥ ገቡ። "እኔ እንጃ" የሚል ድምፅ ብቻ ከውስጥ ተሰማ።

አመሻሽ ላይ እመት ጃርት ታንኳዋን ጎትታ አወጣችና እንደ ወትሮው ዛፍ አስደገፈቻት።

"እፎይ!" አለች ታንኳ። "ነፍሴ መለስ አለች። እንዲህ ባታደርቂኝ ኖሮ እስካሁን በስብሼ ነበር።" ቀጥላም፣ "ያቺ የምትመላለሺላት ጀልባም ዛፍ ተደግፋ ነው ያየኋት። እሷም ደንገል ናት እንዴ?"

"አይደለችም። ብረት ናት።"

"ታዲያ ውሃ የማይጠጣ ገላ ምኑ ይደርቃል ብለው ነው የሚያቆሟት?"

እመት ጃርት ክው አለች። ሁለት ጊዜ ሄዳ፣ ሁለት ጊዜ አይታ፣ ነገሩ አልታያትም። ጀልባ ሲባል ዛፍ ተደግፎ ነዋ የምታውቀው! ብትገዛትም እሷው ራሷ ጎትታ ልታቆማት ነበር።

ጎህ ሲቀድ ለሦስተኛ ጊዜ ሄደች። ሰላምታ እንኳን አላስረዘመችም።

"አንቺ ጀልባ፣ ከሐይቅ ስትመለሺ አያ ከርከሮ እንዴት ነው የሚያሳድርሽ?"

የጀልባዋ ድምፅ ተንቀጠቀጠ። "ይጎትተኛል" አለች። "አፌ ከሆዴ ሥር ነው። አሸዋውን፣ ጠጠሩን፣ የደንገል ሥሩን እየዛቅኩ እወጣለሁ። ከዚያ በጅራቴ ያቆመኛል፤ የዛቅኩት ሁሉ ጉሮሮዬ ውስጥ ይወርዳል። ጠዋት 'ተነሺ!' ይለኛል። በምን ጉሮሮዬ ልነሳ? ተቆጥቶም እኮ አይደለም። 'እንዳትበሰብሺብኝ፣ እህቴ' እያለ፣ እያሻሸኝ ነው።"

አያ ከርከሮ አፉን ከፍቶ ቀረ። "እንዴ! ታንኳ እንዲህ አይደለም የሚያድረው?"

"ታንኳ እንዲህ ነው የሚያድረው" አለች እመት ጃርት። "እሷ ታንኳ ናት?"

አያ ከርከሮ አንገቱን ደፋ። ወዲያው ግን ቀና አለ። "እንግዲያ በሽታዋ ከታወቀ እኔው ራሴ እጠግናታለሁ፤ ጠግኜ በእጥፍ እሸጣታለሁ!" ብሎ አፍንጫውን አፏ ውስጥ ከተተ። ክራንቻው ተቀረቀረ። ወደፊት ቢል እንቢ፣ ወደኋላ ቢል እንቢ። እመት ጃርት በኋላ እግሩ ይዛ ጎትታ አወጣችው።

"እሺ፣ ግዢ" አለ አቧራውን እያራገፈ። "ግን ከነካሻት ገዛሻት። ሄደችም አልሄደችም ጉድጓዱ የእኔ ነው።"

እመት ጃርት ጉድጓዷን አሰበች። ጀልባዋ ካልሄደች ጉድጓድም የለም፣ መሻገሪያም የለም፣ በታንኳ ልታድን የምትችለውን እንኳን ለማዳን ጊዜ አይተርፋትም። ደመናው ከተራራው ወርዶ ሐይቁ ጫፍ ደርሷል።

"ልቧ አልሞተችም" አለች ጮክ ብላ። "ስንጥቋ ይደፈናል፣ ጉሮሮዋ ይጠረጋል። በሽታዋን አውቄዋለሁ፤ ያወቅሁትን በሽታ አልፈራም። ገዛሁ!"

አያ ሸርጣን ተጠራ። መቆንጠጫውን አፋጭቶ ጉሮሮዋ ውስጥ ገባ። አሸዋ አወጣ፣ ሥር አወጣ፣ ጠጠር አወጣ፣ እያጉረመረመ አወጣ። እመት ጃርት ከንብ ሰም ለምና ስንጥቁን ደፈነች። የጉሎ ዘይት ጨምቃ ልቧን ቀባች። ከዚያ በዳርቻው ያሉት ሁሉ ተጋግዘው ጀልባዋን ተሸክመው ውሃ ላይ አኖሯት። ተሸክመው ነው፤ ማንም አልጎተታትም።

"ተነሺ!" አለች እመት ጃርት። ጀልባዋ እህህ አለችና ጭቃ ተፋች።

"ተነሺ!" ጀልባዋ እህህ አለችና እንቁራሪት ተፋች። እንቁራሪቷ "የሰው ቤት ምን አስነካችሁ?" ብላ ተሳድባ ሄደች።

የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ የእመት ጃርት አፍንጫ ላይ አረፈ።

"ተነሺ፣ እህቴ!" ጀልባዋ ጠጣች፣ ተፋች፣ ጮኸች! ዱርርርር! ሐይቁ ከኋላዋ ነጭ ሆኖ ተነሳ። እመት ጃርት በጀርባዋ ወደቀች፣ እሾኋ መቀመጫው ላይ ተሰካ፤ ተሰክታ እየሳቀች ደሴቲቱ ደረሰች።

ሄደች፣ መጣች። ሽኮኮን ከነልጆቿ አደረሰች። ሄደች፣ መጣች። ጥንቸልን ከነስም የለሽ ልጆቿ አደረሰች። ሄደች፣ መጣች። አይጥን፣ ፍልፈልን፣ የራሷንም ልጆች አደረሰች። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሐይቁ ይወጣል፣ ጀልባዋ ግን አንዴም አልሳለችም።

"ሁሉም አለ?" አለች እመት ጃርት ማዶ ሆና።

"አባባ ኤሊ የሉም" አለች ጥንቸል። "'እዚያ ነገር ላይ አልወጣም' ብለው ቀሩ።"

እመት ጃርት ተመለሰች። አባባ ኤሊ የደሴቲቱ እምብርት ላይ፣ ረጅሙ ሣር መካከል ቆመዋል። ውሃው ከአንገታቸው አልፏል፤ የሚታየው አፍንጫቸው ብቻ ነው።

"ሣሩ ላይ አልፋለሁ ብለሻል" አለች እመት ጃርት።

"አልፋለሁ" አለች ጀልባዋ ፈራ ተባ እያለች። "ግን ሣሩን ከጠጣሁ ጉሮሮዬ ይዘጋል። እዚያው ከሳቸው ጋር እቀራለሁ።"

"እንግዲያ አትጠጪ። ከሩቅ ተንደርደሪ፤ ሣሩ ጋ ስትደርሺ አፍሽን ግጥም አድርገሽ ዝጊ። በሩጫሽ ግቢ። መውጫውን ለእኔ ተይልኝ።"

ጀልባዋ ወደኋላ ራቀች፣ ተንደረደረች፣ ዱርርርር! ሣሩ ጫፍ ላይ አፏን ዘጋች። ፀጥ አለ። በሆዷ ሣሩን እያስተኛች፣ እየተንሸራተተች፣ አባባ ኤሊ አፍንጫ ሥር ቆመች። እመት ጃርት ሽማግሌውን በቅርፊታቸው ይዛ ጎትታ ጫነቻቸው። ከዚያ ከታንኳዋ ያመጣችውን ረጅም ሸምበቆ አነሳች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ታንኳ ስትገፋ የኖረች ክንድ ናት። ገፋች፣ ገፋች፣ ከሣሩ አወጣቻት።

"አባባ፣ ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ" አሉ አባባ ኤሊ ውሃ እየተፉ። "አሁንም ብትጠይቂኝ አትግዢያት ነው የምልሽ። ግን ቀስ በሉ፤ እወድቃለሁ።"

ማዶ ሲደርሱ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። እመት ጃርት ልጆቿን አስከትላ ወደ ጉድጓዷ ሄደች፤ ቃሏን ልትፈጽም። አያ ከርከሮ ቀድሟት፣ እንደ ልማዱ በኋላው ገብቶ፣ ፊቱን ወደ ደጅ አድርጎ ተኝቷል።

"ያንተ ነው" አለችው። "ከበስተጀርባ ያለችው ክፍል ሙቀት አላት። እናቴ ናት የቆፈረቻት።"

አያ ከርከሮ ዝናቡን አየ። ልጆቹን አየ። ማፈሩ አልቀረም። "እመት ጃርት፣ በዚህ ክረምት ቤት አልባ ስትሆኚ አይቆጭሽም?"

"ይቆጨኛል እንጂ!" አለች እመት ጃርት፤ እንባዋም መጣ፣ አልደበቀችውም። "ጉድጓድ ግን በጥፍሬ እቆፍራለሁ። ልጅ ከሐይቅ ቆፍሬ አላወጣም።"

ይህን ብላ እዚያው ማዶ፣ ከፍ ያለ አፈር መርጣ፣ ዝናቡ ላይ መቆፈር ጀመረች።

እናንተም ልጆቼ፣ ያረጀ ነገር ስትገዙ ስንጥቁን አይታችሁ አትሽሹ፣ ቀለሙን አይታችሁም አትሩጡ። እንዴት ተይዞ እንደኖረ ጠይቁት። የወደደውም ሊያሳምመው ይችላልና።

እኔ ተረቴን አራገፍኩ፤ የሰማችሁ አንሱት፣ ያልሰማችሁ ከጎረቤታችሁ ተዋሱ።