ቀጠሮ የሚወደው አገረ ገዥ

አንድ አገረ ገዥ ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮማ ነገሩ ቶሎ ባለቀ ነበር።

የቤተ መቅደሱ አለቆች የክርስቶስን ትንሣኤ የሚሰብክ አንድ መምህር አሳስረው አመጡና፣ "ሕዝቡን አሳምፆብናል፣ ይሙት" አሉት። አገረ ገዥው ክሱን ሰማ፣ ምስክሮቹን መረመረ፣ የሰውየው ንጹሕነት ወለል ብሎ ታየው። ይሁንና ከሳሾቹ ንጉሡ ዘንድ ተሰሚነት ያላቸው ናቸው። ቢፈታው ሹመቱን ያሳጡታል፤ ቢገድለው ደግሞ ኅሊናው እንቅልፍ ይነሣዋል። ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ይቀጠር" አለ።

ቀለል አለው። ከዚያ ወዲያ ቀጠሮ ለመደ። ከሳሾቹ ሲመጡ ይቀጥራል፤ የመምህሩ ወዳጆች ሲመጡም ይቀጥራል። ኅሊናው ሲቆረቁረው ለእስረኛው ከገዛ ማዕዱ ምግብ ይልክለታል። ሲብስበት ሰንሰለቱን አላላለት። ጭራሽ ንግግሩን ወደደውና እያስጠራ ስለ ጽድቅና ስለሚመጣው ፍርድ ሲያስተምር ያደምጠው ጀመር።

"እንዲህ ከወደድከው ለምን ወደ ቤቱ አትሰደውም?" አለችው ሚስቱ።

"ጊዜው ሲመች" አላት።

ጊዜው ሳይመች ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። የመምህሩ ጠጉር እዚያው እስር ቤት ሸበተ። አገረ ገዥውም ድንገት ተሻረ።

ዕቃው ተጭኖ ሲያበቃ ሊሰናበት ወደ ወህኒ ወረደ። ከሳሾቹ አዲሱን ሹም ለመቀበል ደጅ ላይ ተሰልፈዋል።

"መምህር፣ ባርከኝና ልሂድ" አለ። "እንግዲህ ልፍታህ ብልም ሥልጣኑ የለኝም። መቼም እኔ አልፈረድኩብህም።"

መምህሩ ቀና ብሎ አየው። "ስለ ምግቡ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ። ግን እርስዎ ካልፈረዱብኝ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ያሰረኝ ማን ነው?"

አገረ ገዥው አፉን ከፈተ። እንደ ልማዱ ሊቀጥር ፈልጎ ነበር፤ የሚቀጥርበት ቀን ግን አልቀረውም።

በንጹሕ ላይ ሞት የሚፈርድ ዳኛ ቢያንስ ያደረገውን ያውቃል። እውነቱን እያወቀ የሚያዘገይ ግን ራሱን እንደ ደግ ሰው እየቆጠረ ይኖራል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው። ማዘግየትም ፍርድ ነው፤ የተላከው ምግብ ቢጣፍጥም እስሩ ያው እስር ነው።

እናንተስ፣ መፍታት እየቻላችሁ "ሲመች" ብላችሁ ያቆያችሁት ሰው አለ? ካለ፣ ሳትሻሩ ፍቱት።