የገመድ አባት

በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ መሬቱ ወደ ውኃው ቁልቁል በሚወርድበት ቦታ፣ ልብስ ድንጋይ የሚባል ትንሽ የታንኳ ማቆሚያ አለ። ወደዚያ የሚመጣ እንግዳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በገመዶቹ ላይ ነው። ታንኳዎቹ ከአንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ጋር ይታሰራሉ፤ የእያንዳንዱም ገመድ የድንጋዩን ጠርዝ በሚነካበት ላይ ክንድ በሚያህል ቆዳ ተጠቅልሎ፣ ዳርና ዳሩ በጠፍር ታስሮ ይታያል። ቆዳው ጠጉሩ ወደ ውስጥ ይሆናል፤ እንዳይደርቅም በሞራ ይታሻል። እንግዳውን ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ይህን የሚሠራው የታንኳው ባለቤት አለመሆኑ ነው። በልብስ ድንጋይ ማንም ሰው የራሱን ገመድ አያለብስም። የእያንዳንዱን ባለታንኳ ገመድ የሚያለብስለት ሌላ ባለታንኳ አለ፤ እርሱም «የገመድ አባት» ይባላል፣ በሠርግም በሐዘንም ከዘመድ ተርታ ይቀመጣል።

ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ ሲጠየቁ የአገሩ ሽማግሎች ነገሩን ጓንጉል ከሚባል ሰው ይጀምራሉ።

ጓንጉል፣ እንደሚነገረው፣ በዚያ ዳርቻ ትልቁን ታንኳ የሠራ ሰው ነበረ። ታንኳ የሚሠራበትን የሐይቅ ሣር፣ ደንገሉን፣ ራሱ አጭዶ፣ ራሱ አድርቆ፣ ራሱ አስሮ የሠራው ታንኳ አሥር ስልቻ እህል ከነባለቤቱ ይችል ነበር ይባላል። ዝናው ግን በቋጠሮው ነበር። የሌላው ሰው ቋጠሮ ማዕበል ሲመታው ትንሽ ይንሸራተትና ባለቤቱ ጠዋት መጥቶ እያጉረመረመ መልሶ ያጠብቀዋል፤ የጓንጉል ቋጠሮ ግን ካሰረበት ቦታ አንዲት ጣት ታህል ሳይነቃነቅ ይከርማል። እናቶች ሙሽራ ሲመርቁ እንኳ «ትዳርሽ እንደ ጓንጉል ቋጠሮ ይጥበቅ» ይሉ ነበር አሉ። ጓንጉልም ይህን ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ወደ ድንጋዩ ሲወርድ በመጀመሪያ ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርገዋል፤ ንቅንቅ አለማለቱን ሲያይ ልቡ ደስ ይለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ገመድ ግን ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም።

ከአጠገቡ ታንኳውን የሚያስረው ቢተው የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ሲገናኙም ሳይተራረቡ አያልፉም።

«አያ ጓንጉል፣ ቋጠሮህን ብታገባት እኮ ይሻልህ ነበር» ይላል ቢተው።

«ያንተስ ቋጠሮ የሕፃን ሱሪ አይደል? ማንም ሳይነካው ይወልቃል» ይላል ጓንጉል።

እንዲህ እየተባባሉ ቆይተው ልጆቻቸው ተፈላለጉ፤ የጓንጉል ልጅ የቢተውን ልጅ በጥር እንዲያገባ ሁለቱ ቤቶች ቃል ተሳሰሩ።

ክፉው ነገር የመጣው በዚያ ዓመት ነው። በኅዳር አንድ ቀን ጓንጉል ወደ ድንጋዩ ቢወርድ ታንኳው የለም። ቋጠሮው በድንጋዩ አንገት ላይ እንዳለ ነው፤ ገመዱ ግን ከጠርዙ ላይ ተቆርጧል። ታንኳውን ደንገል ውስጥ ተሰንቅሮ አገኘውና «ገመዱ አርጅቶ ነው» ብሎ አዲስ ገመደ። በታኅሣሥ እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛው ግን የሚረሳ አልነበረም። ለሠርጉ ጠጅ የሚሆነውን ማርና ጌሾ ከወዲያ ማዶ ገዝቶ መጣ፣ ታንኳውን አሰረና ተሸካሚ ሊጠራ ወደ መንደር ወጣ። ሲመለስ ቋጠሮው ብቻ ቀርቷል። ታንኳው መሐል ውኃ ላይ በነፋስ ተገልብጦ ተገኘ፤ ማሩም ሰጠመ። መንደርተኛው በዚያ ሰሞን «ዓሣው ጠጅ ሊጥል ነው» እያለ ይስቅ ነበር ይባላል።

ጓንጉል ግን አልሳቀም። የገመዱን ጫፍ ይዞ ከሰው ለሰው ዞረ። «ተጎትቶ የተበጠሰ ገመድ ጫፉ እንደ ፈረስ ጭራ ይበታተናል፤ ይህንን እዩት፣ ጥርብ ያለ ነው። ቢላ ነው የቆረጠው። ቋጠሮዬን መፍታት ሲያቅተው ቆረጠው!» አለ። በዚያን ሰዓት ድንጋዩ አጠገብ ማን ነበር ተብሎ ሲጠየቅ፣ ቢተው መረቡን ሲጠግን ታይቷል ተባለ። ጓንጉልም ብዙ ሳያስብ «እንግዲያው ልጁን መስጠቱ ቆጭቶት ነው» አለ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ሊመልሰው ቢፈልግም አልቻለም፤ ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

በዚህ ጊዜ የአገሩ ጭቃ ሹም አድማሱ አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ማለት አገሬው በሙሉ በአንድ ቦታ ተቀምጦ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ የማይሄድበት የዱሮ ሸንጎ ነው። ሰው ሁሉ በማለዳ ከጥቁሩ ድንጋይ ዙሪያ ተሰበሰበ። የጓንጉል ታንኳ በአዲስ ገመድ ታስሮ ውኃው ላይ ይወዛወዛል፤ ጓንጉልም ከሳሽ ስለ ሆነ ከድንጋዩ ሥር፣ ገመዱ ጠርዙን በሚያልፍበት በኩል ተቀመጠ።

«ጌታዬ፣ ላሜ ዛሬ ልትወልድ ነው፤ ልሂድ» አለ አንድ ሰው ገና ፀሐይ ሳይሞቅ።

«ላምህ አንተን አማክራ ነው እንዴ የምትወልደው? ተቀመጥ» አሉት ጭቃ ሹሙ።

ሲጠየቅ ሲጠያየቅ እኩለ ቀን ሆነ፤ አየሁ የሚል ጠፋ። በመጨረሻ ጭቃ ሹሙ ወደ ቢተው ዞረው «እንግዲህ ምስክር ከጠፋ የሚቀረው መሐላ ነው» አሉት። ቢተው ጓንጉልን እያየ እንዲህ አለ፦

«መማል አልፈራም። እጄ ንጹሕ ነው። ግን ካስማልኸኝ በኋላ በአንድ መሶብ አንቆርስም። ልጄንም ላስማለኝ ቤት አልሰጥም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። የጓንጉል ሚስት አንጓች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ልጁም አንገቱን ደፋ። ጭቃ ሹሙ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው እስኪመጡ ይጠበቅ አሉ።

ጓንጉል ልጁን ላለማየት ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ያን ጊዜ ነው በእርጥቡ ድንጋይ ላይ አንድ ነገር ያየው፤ እንደ ዱቄት የደቀቀ ቡናማ ብናኝ። በጣቱ ነክቶ አሸው። ቃጫ ነው። ቀና ብሎ ገመዱን ቢያይ፣ ትናንት የገመደው አዲስ ገመድ፣ ታንኳው ወዲያና ወዲህ ባለ ቁጥር ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ይፈተጋል፤ ከሥሩም ሲሶው ተበልቷል። ወዲያው የቢተውን ገመድ አየ። የቢተው ቋጠሮ ላልቶ ስለሚንሸራተት ገመዱ ዛሬ በዚህ፣ ነገ በዚያ ይነካል እንጂ በአንድ ቦታ አይበላም። የእርሱ ቋጠሮ ግን ስለማይነቃነቅ ገመዱ ከቀን ቀን በዚያችው በአንዲት ቦታ ሲጋዝ ኖሯል፤ ጫፉም ጥርብ ያለው ለዚህ ነው። ማንም ቢላ አልመዘዘም። ሌባው የገዛ ጥብቅ ቋጠሮው ነው።

ሽማግሎች እንደሚሉት ጓንጉል በዚያች ሰዓት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያፈረ ሰው ነበር። ማንም ያየው እንደ ሆነ ዙሪያውን ቃኘ፤ የሚያየው አልነበረም። ቀስ ብሎ የለበሰውን የበግ ለምድ ጫፍ ሳብ አደረገና ብናኙን ሸፈነ፤ እንዳይገለጥም ጫፉን በገመዱና በድንጋዩ መሐል ወሸቀው። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተቀመጠ።

ከቀትር በኋላ የጣና ነፋስ ተነሣ። ማዕበሉ ታንኳውን ይወረውረው ጀመር፤ ጓንጉልም አሁን ይበጠሳል፣ አሁን ጉዴ ይወጣል እያለ ዓይኑን ከገመዱ ላይ አልነቀለም። ገመዱ ግን በለምዱ ላይ ለስለስ ብሎ ይመላለሳል እንጂ አንዲት ክር እንኳ አልረገፈችም። እፍረቱን የሸፈነበት ቆዳ ገመዱን አዳነው። ጓንጉልም በጭንቀቱ መሐል «እንዲህም ኖሯል ለካ!» ሲል ተደነቀ።

ቄሱ መጡ። ቢተው ተነሣ። በአገሩ ደንብ ተከሳሽ ሲምል ከሳሽ ፊት ለፊቱ ቆሞ መስማት ነበረበት።

«ጓንጉል፣ ተነሥ» አሉ ጭቃ ሹሙ።

ጓንጉል የለምዱን ጫፍ በእጁ ተጫነ።

«ተነሥ እንጂ ሰውዬ! ቄሱ ቆመው አንተ ትቀመጣለህ?»

«አልችልም» አለ ጓንጉል።

«ምን ሆነህ ነው የማትችለው?»

ጓንጉል የቢተውን እጅ ወደ መስቀሉ ሲሄድ አየ። እጁ ከደረሰ ሠርጉም ጉርብትናውም አበቃ። «ከተነሣሁ ሌባው ይታያል» አለ፤ ቀጥሎም «ቢተው፣ በእግዜር ይዤሃለሁ፣ አትማል!» ብሎ ለምዱን ከትከሻው አወለቀና ተነሣ። ለምዱ ከገመዱ ሥር ቀረ። ጓንጉል በራሱ እጅ ገለጠው፤ የተበላውን ገመድ፣ ብናኙን፣ የማይነቃነቀውን ቋጠሮ ለሕዝቡ አሳየ። ያየውንና የደበቀውንም ሳያስቀር ተናገረ።

መጀመሪያ የሳቀው ቢተው ራሱ ነው ይባላል።

«አግባት ያልሁህ ቋጠሮ ከዳችህ!» አለው፤ ያን ጊዜ ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ፤ ላሙ የምትወልድበት ሰውዬም ሳይፈቀድለት ሮጠ።

ጓንጉል ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ ቢል ቢተው «ድንጋዩ ይቅር፤ ያለን ድንጋይ በቅቶናል» ብሎ ከለከለው። ጭቃ ሹሙ ካሣ ምን ትላለህ ሲሉትም ለምዱን አነሣና «ይህ ለሁለት ይቆረጥ። ጓንጉል ቋጠሮውን እንጂ ገመዱን ማየት አያውቅም፤ የእርሱን ገመድ እኔ አለብሳለሁ። እኔም ሰነፍ ነኝ፣ የራሴን አላይም፤ የእኔን እርሱ ያልብስልኝ» አለ። ፍርዱም እንዲሁ ጸደቀ። በዚያው ቀን ሁለቱ በእንብርክካቸው ሆነው አንዱ የሌላውን ገመድ አለበሱ። ከሳምንት በኋላ ሠርጉ ሆነ፤ ጠጁ ቢያንስም ጠላው ተርፎ ነበር ይባላል። በክረምቱ መግቢያ ሌሎቹም ባለታንኳዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ የገመድ አባት ተያያዙ።

ዛሬ ገመዱ በአብዛኛው ከሱቅ የሚገዛ ላስቲክ ነው፤ ቆዳ ያጣም አሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ ያለብሳል። ደንቡ ግን አልተለወጠም። ባለታንኳ እንደ ማንኛውም ሰው ይጣላል፤ በወሰን፣ በመረብ፣ በልጆች ነገር ተኳርፎ ሰላምታ የሚቋረጥበትም ጊዜ አለ። እንዲያም ሆኖ በልብስ ድንጋይ ሰላምታ ይቋረጣል እንጂ ገመድ አይራቆትም። ያኮረፈው ሰው በማለዳ ብቻውን ይወርድና፣ ከማያናግረው ሰው ገመድ ሥር ተንበርክኮ ቆዳውን በሞራ አሽቶ፣ ጠፍሩን አጥብቆ፣ ቀና ብሎ ሳያይ ይመለሳል። ያኛውም ከደጁ ሆኖ ያየዋል፤ አይጠራውም። ትንሽ ቆይቶ ግን እርሱም ሞራውን ይዞ ወደ ውኃው ይወርዳል።