ትከሻ የቀየረው አክተር

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከቪዲዮ ቤት በሰው ትከሻ ወጡ። እኔ ያኔ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ከሳምንት ሳምንት የምንጠብቀው ደስታ የእሑድ ፊልም ብቻ ነበር።

በዚያ እሑድ ፊልም ላይ አክተሩ የቆሰለ ጓደኛውን በቀኝ ትከሻው ተሸክሞ ጫካ ገባ። ከጫካው ሲወጣ ግን ጓደኛው ግራ ትከሻው ላይ ነበር።

«ፊልም ሠሪዎቹ ተሳስተዋል» አለ ከእኛ አንዱ፣ ምላሱ የማያርፍ ሸክመኛ። «ይሄን የሚያህል ሰው ሳያወርዱት፣ ያለ አጋዥ፣ ትከሻ አይቀየርም።»

ከፊት የተቀመጡት ሊቀመንበር ፊልሙን አስቆሙ። «አክተር እንደ አንተ መሰለህ? በል እኔን ተሸከመኝና ሞክር። ትከሻ ከቀየርክ ውሸታም ነህ፤ ካቃተህ ደካማ ነህ። በሁለቱም ሁለተኛ እዚህ ቤት አትገባም።»

ሸክመኛው ብድግ አድርጎ ቀኝ ትከሻው ላይ አወጣቸውና ወደ በሩ አመራ።

«ወዴት ነው የምትወስደኝ?» አሉ ከላይ።

«ጋሼ፣ አክተሩም የቀየረው ሰው ሳያየው ነው።»

ይዟቸው ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ብቻውን ተመለሰና ቦታው ላይ ቁጭ አለ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ደንግጦ «ሊቀመንበሩስ?» አለው።

«በሚቀጥለው ትዕይንት በግራ ትከሻዬ ይመጣሉ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ሳቁን ደጅ ቆመው ሰሙና ወደ ቤታቸው ሄዱ። «አትገባም» የተባለው ሸክመኛ ግን ከእኛ ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየ።